«ደህና ሆኛለሁ፣ መድሃኒቱን ላቁም?»

በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ እዚህ ልመልሰው፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ይመጣልና። ጠያቂዋ ዓባይ ማዶ ነው የምትኖረው። «ዶክተር፣ ሰው ፊት መናገር በጣም ስለሚያስፈራኝ ሰርትራሊን መውሰድ ከጀመርኩ 4 ዓመት አለፈኝ። አሁን ደህና ነኝ። ዕድሜ ልኬን ልውሰደው ወይስ ላቁመው?»

መልሱን ከመስጠቴ በፊት እኔም አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ትያለሽ?

ቀልድ አይደለም። ማኅበራዊ ፍርሃት (ሶሻል አንዛይቲ) ያለበት ሰው ይህችን ሁለት ቃል ማውጣት አቅቶት፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቆ፣ መውረጃውን አልፎ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ነገሩ ተራ ዓይን አፋርነት አይደለም። «ያዩኛል፣ ይታዘቡኛል፣ እዋረዳለሁ» የሚል ፍርሃት ነው። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ድምፅ ይጠፋል። ከዚያ መሸሽ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ሰው ሲቀንስ ጠብቆ መሄድ፣ ከሰርግ መቅረት፣ ፕሬዘንቴሽን ባለበት ቀን «አሞኛል» ማለት...

እኛ አገር ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። አንገቱን የደፋ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ይመሰገናላ! ሴት ከሆነች ምስጋናው እጥፍ ነው። በጎንደር የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በመጠይቅ ሲለኩ ከ10 ተማሪዎች 3 ያህሉ ምልክቱ እንዳለባቸው አሳይቷል። ነገ በሽተኛ ፊት ቆመው የሚያስረዱት እነዚሁ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ወደ መድሃኒቱ ልመለስ። ሰርትራሊን፣ ፓሮክሰቲን፣ ፍሉኦክሰቲን የመሳሰሉት ፍርሃቱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «ወራጅ አለ» ማለትን ግን አያስተምሩም። ፍርሃቱ ቀለል ባለበት ጊዜ የምንሸሸውን ነገር ደጋግመን ካደረግነው አእምሯችን «ለካ ያን ያህል አያስፈራም» ብሎ ይማራል። መድሃኒቱ ሲቆም አብሮን የሚቀረው ይሄ ልምምድ ነው። ስለዚህ ላቁም ለሚለኝ ሰው «ምን ይሰማሃል?» ብቻ ሳይሆን «ምን እያደረግህ ነው?» እላለሁ። ሁሉን ሸሽቶ ቤት ለተቀመጠማ ማን ደህና ያልሆነ አለ?

ጠያቂዋ «ወራጅ» ትላለች፣ ሰርግም ትሄዳለች። ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ማቅረብ ሲመጣ ግን አሁንም ለባልደረባዋ ትሰጣለች። ምክሬም እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ ሪፖርቱን ራስሽ አቅርቢ። ለ3 ሰው፣ ከዚያ ለ5፣ ከዚያ ለሁሉም። ጥቂት ወር ከተለማመድሽው በኋላ ከሐኪምሽ ጋር ሆናችሁ መቀነስ ትጀምራላችሁ።

መቀነስ ነው ያልኩት፣ ማቋረጥ አላልኩም። ብዙ ጊዜ ከተሻለን በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ በአብዛኛው 1 ዓመት ገደማ መቆየት ይመከራል። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ይወረዳል፤ ለዓመታት ለወሰደ ሰው ወራት ሊፈጅ ይችላል። የሚገርመው ደግሞ የመጨረሻዋ ትንሽ መጠን ናት ብዙውን ጊዜ የምታስቸግረው። ከ100 ሚሊግራም ወደ 50 በሰላም የወረደ ሰው ከ25 ወደ ዜሮ ሲሄድ ሊንገዳገድ ይችላል። አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን መዝለልም መቀነስ አይደለም። ፈተና፣ ሰርግ ወይም ሐዘን ባለበት ሰሞን ባትጀምሩት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ባቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ዓይነት ንዝረት ከመጣ፣ «አያችሁ፣ ሕመሙ ተመለሰ!» ይላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ከመድሃኒቱ ሲላቀቅ የሚያሳየው ምልክት ነው። ሕመሙ ራሱ ሲመለስ ቀስ ብሎ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመጣል፤ ምልክቱም ያው የድሮው ፍርሃትና መሸሽ ነው። (ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ የመላቀቅ ምልክቱም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።) በሁለቱም በኩል መፍትሔው ሐኪም ጋ ተመልሶ አወራረዱን ማስተካከል ነው።

ሳይፈልጉ የሚያቋርጡም አሉ። መድሃኒት ቤት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ። እባካችሁ የመጨረሻዋን ፍሬ አትጠብቁ፤ 2 ሳምንት ሲቀራችሁ መፈለግ ጀምሩ። ፀበል ለመጠመቅ ብላችሁም መድሃኒት አታቋርጡ፣ ሁለቱ አይጣሉም። በምትኩ በጠላና በአረቄ «ድፍረት» መግዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ብሶ ነው የሚነሳው።

ዳያዜፓም ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ካላችሁ በጭራሽ በድንገት አታቁሙ፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከዚህ በፊት ስታቆሙ ያገረሸባችሁ፣ ድባቴ አብሮ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁም በራሳችሁ አትወስኑ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ባሕር ዳር ላላችሁ በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ጊዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ማግኘት ትችላላችሁ። ስትሄዱ የመድሃኒቱን ካርቶን ያዙ። ሐኪሙ ፊት መናገር ራሱ ከከበዳችሁ (ይከብዳል፣ አውቃለሁ) ቤት ሆናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ስትገቡ ስጡት። እኔ ጋ እንዲህ አድርገው የሚመጡ አሉ፤ ሥራዬን ያቀሉልኛል።