አንድ ወለል፣ ሁለት ሰበቃ

ካናዳዊው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 ስኪ-ዱ የተባለውን ቀላል ስኖውሞቢል ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ይህ የበረዶ ላይ ተሽከርካሪ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች ለሥራም ለመዝናኛም በእጅጉ ተለምዷል። መልካም በረዶ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከከተማ ርቆ ስለሆነ፣ የሚኒሶታም ሆነ የኦንታሪዮ ባለቤት ማሽኑን ተሳቢ ላይ ጭኖ በጨው በተረጨ አስፋልት ረጅም መንገድ ይነዳል። የብዙዎቹ ተሳቢዎች ወለል ኮምፔርሳቶ ነው። ጥቂት የበረዶ ወራት እንዳለፉ ወለሉ ይቦጫጨራል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ማሽኑን ማውጣትና ማውረድም ትግል ይሆናል። እንጨቱን መጠበቅና መጫኑን ማቅለል ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይታያሉ። በእኔ እምነት ግን ሁለቱም የሚፈቱት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በወለሉ ላይ ሰበቃን በትክክል በማደላደል።

ስኖውሞቢል ከፊት ሁለት ስኪዎች፣ ከኋላ ደግሞ የሚገፋው የጎማ ሰንሰለት አለው። በስኪው ሆድ ሥር የብረት ዘንግ ይታሰራል፤ በዘንጉ ጠርዝ ላይ ተንግስተን ካርባይድ ተበይዷል። ይህ እጅግ ጠንካራ ቁስ የበረዶ ግግሩን ነክሶ መሪው እንዲታዘዝ ያደርጋል። እዚያ የሚጠቅመው ስለት እንጨት ላይ ሲወጣ እንደ መሮ ይቆርጣል። በአንድ ስኪ ላይ 30 ኪሎ ግራም አርፎ ክብደቱ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ጠባብ ጠርዝ ላይ ቢያርፍ፣ ግፊቱ በካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 6 ኒውተን ይደርሳል። ለስላሳው የጥድ ዝርያ እንጨት በጎኑ ሲጫኑት የሚችለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለቱ ወደ እንጨቱ በጠለቀ ቁጥር ጫኙ ማሽኑን ከመግፋት አልፎ እንጨቱንም ያርሳል። የኋላው ሰንሰለት ፍላጎት ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ ነው። እርሱ የሚፈልገው የሚቆናጠጠው ነገር ነው፤ እርጥብ ወይም በረዶ የጋገረበት ኮምፔርሳቶ ይህን አይሰጠውም። ሰንሰለቱ ባዶውን ሲሽከረከር ነጂው ነዳጅ ይጨምራል፤ ድንገት የቆነጠጠ ጊዜ ማሽኑ ይፈናጠርና ከተሳቢው ፊት ይላተማል። በመጫን ላይ ለሚደርሰው አደጋ ዋናው ምክንያት የመወጣጫው ዳገት የሚመስላቸው አሉ፤ ሰንሰለቱ ከመንሸራተት ወደ መቆንጠጥ የሚሻገርበት ያ ቅጽበት ግን የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለዚህ ስኪው በሚሄድበት መስመር ሰበቃው መቀነስ፣ ሰንሰለቱ በሚያርፍበት መሐል መጨመር አለበት። ለስኪው የሚስማማው ጠጣር ፖሊኢትሊን ነው፤ የውኃ ጄሪካን የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት። ለያንዳንዱ ስኪ ከዚህ ፕላስቲክ የተሠሩ ሁለት ዘንጎች በወለሉ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ የስኪው የፕላስቲክ ሶል በዘንጎቹ ላይ ይንሸራተታል፣ የካርባይዱ ስለት ደግሞ በመሐላቸው ባለው ክፍተት ምንም ሳይነካ ያልፋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 250 ኪሎ የሚመዝን ማሽን 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በ2 ሜትር መወጣጫ ለማውጣት፣ ሰበቃን ሳንቆጥር፣ ወደ 62 ኪሎ የሚጠጋ ግፊያ ያስፈልጋል፤ መወጣጫው 3 ሜትር ቢሆን ወደ 42 ይወርዳል። ስኪዎቹ ከክብደቱ 80 ኪሎውን ተሸክመዋል እንበል። የሰበቃ መጠኑ 0.7 ከሆነ 56 ኪሎ፣ 0.2 ከሆነ ግን 16 ኪሎ ብቻ ይጨመርበታል። ልዩነቱ መወጣጫውን በአንድ ሜትር ከማስረዘም ይበልጣል።

ወለሉን በሙሉ በጎማ ምንጣፍ መሸፈን ይቀላል የሚሉ አሉ። ጎማው ለሰንሰለቱ ጥሩ ነው፤ ለስኪው ግን ስለቱ የሚተከልበት ብሬክ ነው። ከዚህም በላይ ውኃን ከሥሩ ይይዛል። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ አበስባሽ ፈንገስ ሊያድግበት ይችላል፤ ብርዱ ሲጸና ፈንገሱ ስለሚያንቀላፋ ጉዳቱ የሚደርሰው በጸደይና በበጋ፣ ተሳቢው ሥራ ፈቶ በቆመበት ወቅት ነው። በጭረቶቹ የገባው ውኃም ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ እየጨመረ የኮምፔርሳቶውን ንጣፎች ያላቅቃል። እንግዲያው መሐል ላይ ውኃ የሚያሳልፍ፣ ከእንጨቱ ከፍ ያለ ወጣ ገባ ንጣፍ ይመረጣል፤ ሰንሰለቱ የብረት ጥርስ ካለውም ተራ ጎማ ቶሎ ይበጣጠሳል።

ሌሎች ደግሞ እንጨት ርካሽ ነው፣ ሲበላሽ ይቀየር ይላሉ። ሊቀየር ይችላል፤ ሆኖም የዛገ ብሎን ነቅሎ አዲስ ማስገባት ከእንጨቱ ዋጋ በላይ ያደክማል። እንዳይበሰብስ ሲባል በመዳብ ውሁድ የታከመ እንጨት ማንጠፍም ጥንቃቄ ይሻል፤ እርጥበትና የመንገድ ጨው ሲገናኙበት መዳቡ የአልሙኒየሙን ቻሲ ይበላዋል፣ በመካከላቸው መለያ ንጣፍ ካልገባ በቀር። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፦ የሚያሟልጭ ፕላስቲክ ማሽኑን በጉዞ ላይ አያንሸራትተውምን? ያንሸራትተዋል፣ ካልታሰረ። ግን በኃይል ብሬክ ሲያዝ 250 ኪሎው ማሽን ከ150 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደፊት ሊገፋ ይችላል፤ በረዶ የተጋገረበት ወለል ይህን ሊይዝ አይችልም። ማሽኑን የሚይዙት በስኪዎቹ ላይ የሚጠብቀው አግዳሚ ዘንግና የኋላው ቀበቶ ናቸው፤ ሸካራ ወለል የሚሰጠው መተማመን ሐሰተኛ ነው።

የፕላስቲክ ዘንጎቹን ከማሰር በፊት በሁለቱ ስኪዎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ግድ ነው፤ ከማሽን ማሽን ይለያያል። የኮምፔርሳቶው ጠርዝና እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳም ይታሸግ፤ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው። ፖሊኢትሊን በሙቀት በጣም ስለሚለጠጥ፣ 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ከ30 ዲግሪ ብርድ ወደ 30 ዲግሪ ሙቀት ሲሸጋገር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። የመሐሉ ብሎን ብቻ ጠብቆ ሌሎቹ በረዘሙ ቀዳዳዎች ውስጥ ላላ ብለው ካልተቀመጡ ዘንጉ በበጋ ይጎብጣል፣ ስኪውም በሚቀጥለው ጭነት ከሥሩ ገብቶ ይነቅለዋል።