በረኪናና አሲድ አትደባልቁ!

በዓል ሲቃረብ ቤቱ ይታጠባል፣ ሽንት ቤቱ ይፈተጋል። ታዲያ ድንገተኛ ክፍል እያሳሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ «ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ምን ነበር የተጠቀማችሁት ስላቸው መልሱ ያው ነው፦ «በረኪናና አሲድ ደባልቄ ነበር፤ የበለጠ ያጸዳል ብዬ እኮ ነው ዶክተር።»

የበለጠ አያጸዳም። የሚሠራው መርዛማ ጋዝ ነው።

ነገሩ ትምህርት ቤት የተማርነው ኬሚስትሪ ነው። ፒኤች የሚባለው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል፤ ንጹህ ውሃ መሃል ላይ፣ 7 ነው። ከ7 በታች ያለው አሲድ ነው፦ ሎሚና አቼቶ ከ2 እስከ 3 አካባቢ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ደግሞ ከነሱም በታች። ከ7 በላይ ያለው ቤዝ ነው፤ በረኪና ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። የአንድ ቁጥር ልዩነት ደግሞ 10 እጥፍ ማለት ነው።

በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ፈሳሹ ውስጥ ታስሮ የሚቆየው ፈሳሹ ቤዝ ስለሆነ ነው። አሲድ ስትጨምሩበት እስሩ ይፈታና ክሎሪኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። «ሎሚ እኮ ተፈጥሯዊ ነው» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ይሁን፣ ግን አሲድ ነው!

ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጅየም፣ ኢፕር አካባቢ የጀርመን ጦር በወታደሮች ላይ የለቀቀው ያው ክሎሪን ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያገኘው በርከክ ብሎ የሚፈትገውን ሰውና አጠገቡ ያለውን ሕፃን ነው። እርጥብ የሆነውን የመተንፈሻ አካል ሲነካ እዚያው አሲድ ይሆንና ያቃጥላል።

ሌላም አለ። የቆየ ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ በረኪና ሲያገኘው ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ልቀቁበት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከዚያ በረኪናውን። አሲድ በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ ምን ከምን ጋር እንደምትደባልቁ በምን ታውቃላችሁ?

ከተደባለቀስ? ጋዙን «ለማክሸፍ» ሌላ ነገር አትጨምሩ። ሁሉም ሰው ቶሎ ወደ ውጭ ይውጣ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ባልዲውን ላንሳ ብላችሁ አትመለሱ። ዓይን ካቃጠለ በንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አውልቁና ገላውን ታጠቡ። ሳል ካልተወ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው አስም ካለበት በቀጥታ ሆስፒታል። ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚቋጠረው ከሰዓታት በኋላም ሊሆን ስለሚችል «አሁን ተሻለኝ» ብላችሁ ብቻችሁን አትተኙ።

ወተቱን በተመለከተ፣ ሁሌ ስለምትጠይቁኝ፦ ወተት የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጋዙ የገባው ሳንባ ውስጥ። እሱን ስታፈላልጉ ጊዜ አታባክኑ፣ ታክሲ ጥሩ።