ንግሥቶቹን አንድ በአንድ የጣለችው የባሂያዋ አንበሳ

እ.ኤ.አ ዲሴምበር 30 ቀን 2016 ምሽት፣ ላስ ቬጋስ፣ ቲ ሞባይል አሬና። ሁለት ሴቶች ሊፋለሙ ቀርበዋል። አንደኛዋ ሻምፒዮን ናት፤ ቀበቶው የእሷ ነው። ሁለተኛዋ ይህንኑ ቀበቶ ልትቀማ የመጣች ተፈታታኝ ናት። እንግዲህ የክፍያውን ነገር ተመልከቱ። ለተፈታታኟ የተቆረጠው 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለሻምፒዮኗ ደግሞ 100 ሺህ፣ ካሸነፈች ሌላ 100 ሺህ ይጨመርላታል። የዋንጫው ባለቤት ለዋንጫ ከመጣው እንግዳ አሥራ አምስት እጥፍ ያነሰ የሚከፈለው ጨዋታ በኳሱ ዓለም ተፈልጎ አይገኝም።

ተፈታታኟ አሜሪካዊቷ ሮንዳ ሮውዚ ነበረች። የሳምንቱ ወሬ በሙሉ እሷ ናት። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ እሷ መመለስ ነው። ከጋዜጠኞች ጋር መነጋገር አልፈልግም ስትል እንኳ አዘጋጁ ዩኤፍሲ እሺ ብሏታል። ሻምፒዮኗ ብራዚላዊት አማንዳ ኑኔስ ግን ለብዙው ተመልካች የሮውዚን መመለስ የምታደምቅ አጃቢ ነበረች።

ፍልሚያው የፈጀው 48 ሰኮንድ ነው። ኑኔስ ገና ከመጀመሪያው ቀኝ ቦክሷን ሰደደች፤ አረፈ። ደገመች፤ አረፈ። ሮውዚ ጭንቅላቷን ማሸሽም ሆነ ተጠግታ መያዝ አልቻለችም። ቆማ እየተደበደበች ሳለ ዳኛው መሀል ገብቶ አስቆመው። ኑኔስ ወደ ሮውዚ አሠልጣኝ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዝም በል ነው ነገሩ። አዳራሹን ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

ለማያውቁት ያህል፣ ሚክስድ ማርሻል አርትስ የሚባለው ይህ ስፖርት በዲሽ ከሚታየውና ውጤቱ አስቀድሞ ከሚጻፈው ሬስሊንግ ጋር ዝምድና የለውም። ቦክሱም፣ ካልቾውም፣ ትግሉም፣ አንገት ማነቁም፣ ክንድ መጠምዘዙም ተፈቅዶ በስምንት ማዕዘን አጥር ውስጥ የሚካሄድ የምር ፍልሚያ ነው። አንዱ እስኪዘረር፣ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ በቃኝ እስኪል ወይም ዳኞች ነጥብ እስኪቆጥሩ ይቀጥላል። የዩኤፍሲ አለቃ ዳና ዋይት በ2011 ሴቶች መቼ እዚህ ይገባሉ ተብሎ ሲጠየቅ በፍጹም ብሎ መልሶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሐሳቡን ያስቀየረችው ሮውዚ ናት፤ በ2013 የመጀመሪያውን የሴቶች ፍልሚያ ያደረገችውም እሷው ናት። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብና ጭብጨባ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጥያቄው የሻምፒዮኗ ድርሻስ የት አለ ነው።

ኑኔስ የተወለደችው በ1988 በብራዚሏ ባሂያ ግዛት፣ ፖጁካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቿ ሲለያዩ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት እናቷ ናት። አጎቷ ቫሌ ቱዶ የሚባለውን፣ የዛሬው ስፖርት አባት የሆነውን የብራዚል ፍልሚያ ይፋለም ነበር። ልጅቷ ግን የመጀመሪያ ፍቅሯ፣ እንደማንኛውም የብራዚል ልጅ፣ ኳስ ነው። ለከተማዋ ቡድንና ለሳልቫዶር ተጫውታለች፤ የትምህርቱ ነገር ሲመጣ ግን ኳሱ ቆመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መነሳት አለበት። ፔሌንና ጋሪንቻን ያፈራችው ብራዚል ከ1941 እስከ 1979 ድረስ ሴቶች ኳስ እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ነበር። ኑኔስ የተወለደችው ክልከላው ከተነሳ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው። ሕጉ ቢነሳም የሴቶች ኳስ ገና እንጀራ አያበላም።

በልጅነቷ ካራቴ ጀምራ ነበር፤ በ16 ዓመቷ ቦክስ ጨመረች። ከዚያ እህቷ ጁጂትሱ ወደምትሠራበት ጂም ይዛት ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ሳልቫዶር ውስጥ ከወንዶች ጋር እየታገለች፣ እዚያው ጂም ውስጥ እያደረች ሠለጠነች። አንበሳ የሚለው ቅጽሏም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። አሠልጣኟ ኤድሰን ካርቫልዮ ወደ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ሲሻገር ተከተለችው፤ ከዚያ ወደ ፍሎሪዳ ወረደች።

የመጀመሪያ ፍልሚያዋ በማርች 2008 ነበር፤ በ35 ሰኮንድ ክንዷን ተጠምዝዛ እጅ ሰጠች። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። እሷ ቀጣዮቹን አምስት በዝረራ አሸነፈች። በ2011 ደግሞ ጁሊያ በድን በ14 ሰኮንድ አሰናበተቻት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኑኔስ እንደ መብረቅ ትነሳለች፤ ነዳጇ ግን ቶሎ ያልቃል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት አግብቶ በሰባኛው ደቂቃ እግሩ የሚተሳሰርበትን ቡድን የሚያውቅ ደጋፊ ነገሩ ይገባዋል። በሴፕቴምበር 2014 ካት ዚንጋኖን በአንደኛው ዙር ክፉኛ ደብድባት፣ በሦስተኛው ዙር ራሷ ተደብድባ ወጣች። በዚያን ጊዜ አንድ ዙር የምትችል ተፋላሚ ናት ብሎ የዘጋት ብዙ ነው።

ለውጡ የመጣው ፍሎሪዳ ውስጥ አሜሪካን ቶፕ ቲም የተባለው ትልቅ ጂም ከገባች በኋላ ነው። ያንን የሚያስፈራ ቀኝ እጇን አልቀየሩባትም፤ መቼ እንደምትጠቀምበት ግን ተማረች። በማርች 2016 ቫለንቲና ሼቭቼንኮን ሦስቱን ዙር ጨርሳ በነጥብ ስታሸንፍ የዋንጫው በር ተከፈተ።

ከዚህ በፊት የዋንጫው ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሮውዚ ማንም አይነካትም ስትባል በኖቬምበር 2015 ሜልበርን ላይ ሆሊ ሆልም በካልቾ ዘረረቻት። ሆልምን ደግሞ በማርች 2016 ሚሻ ቴት አንቃ ጣለቻት። ቴት ቀበቶዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከላከለው ከኑኔስ ጋር በዩኤፍሲ 200 ላይ፣ ጁላይ 9 ቀን 2016 ሆነ። የዚያን ቀን የምሽቱ ዋና ፍልሚያ የወንዶቹ የጆን ጆንስ ነበር፤ ጆንስ በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሲያዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ተሰረዘ፤ በመጨረሻም ሴቶቹ የምሽቱ መዝጊያ ሆኑ። ኑኔስ ቴትን አፍንጫዋን በደም አጥባ፣ ከኋላ አንቃ፣ በ3 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ጨረሰቻት። ሻምፒዮን ሆነች። በዩኤፍሲ ታሪክ ሴት ከሴት ጋር የምትኖር መሆኗን በይፋ የተናገረች የመጀመሪያዋ ሻምፒዮንም እሷ ናት፤ የሕይወት አጋሯ ኒና አንሳሮፍ ራሷ ተፋላሚ ነበረች።

ቀጥሎ ያ የሮውዚ 48 ሰኮንድ መጣ። ከዚያ ወዲያ ዝናው እንደ ጎርፍ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ተሳስቷል። በጁላይ 2017 ከሼቭቼንኮ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ልትገናኝ ቀን ተቆርጦ፣ በፍልሚያው ዕለት በሳይነስ ሕመም መተንፈስ አልቻልኩም ብላ ቀረች። ዳና ዋይት ከእንግዲህ የምሽት መዝጊያ አላደርጋትም እስከማለት ደረሰ። ደጋፊውም ፈሪ አላት። የታመመ አጥቂ ከሜዳ ሲቀር ፈሪ የሚለው የለም፤ ለኑኔስ ግን ያቺን ታህል ይሉኝታ አልተገኘም። ከሁለት ወር በኋላ ኤድመንተን ላይ ቀርባ ሼቭቼንኮን በአምስት ዙር፣ ከሦስቱ ዳኞች በሁለቱ ድምፅ አሸነፈች። ጠባብ ድል ነበር፤ ዛሬም የሚያከራክር ነው። የነዳጅ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

በሜይ 2018 ሪዮ ላይ በገዛ አገሯ ሕዝብ ፊት ራኬል ፔኒንግተንን ገጠመች። ፔኒንግተን ከአራተኛው ዙር በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በቃኝ ብትልም የራሷ ሰዎች አይዞሽ ብለው መልሰው ላኳት። አምስተኛው ዙር ላይ ኑኔስ በደም ነክራ አስቆመቻት። ፎጣ መወርወር የነበረባቸው ሰዎች አለመወርወራቸው ብዙ ወቀሳ አስከትሏል፤ ደግሞም ይገባቸዋል።

የሙያዋ ጣሪያ ግን ዲሴምበር 29 ቀን 2018 ነው። ተጋጣሚዋ ያገሯ ልጅ ክሪስ ሳይቦርግ ናት፤ ሚዛኑ ከፍ ያለው ፌዘርዌይት፣ 66 ኪሎ ገደማ። ሳይቦርግ በ2005 የመጀመሪያ ፍልሚያዋን ከተሸነፈች ጀምሮ ለ13 ዓመት የጣላት አልነበረም። ሮውዚ በታዋቂነቷ ዘመን ስሟ ሲጠራ ከሚዛኑ ጋር እየተከራከረች ያልገጠመቻት፣ ብዙዎች በኪሎ እየበለጠች ታደቃለች ብለው የሚሸሿት ሴት ናት። ኑኔስ ግን ራሷ ጠይቃ ነው የሄደችው። የሚገርመው፣ የዚያ ምሽት መዝጊያም ጆን ጆንስ ነበር፤ በእሱው የምርመራ ጣጣ ዝግጅቱ በስድስት ቀን ውስጥ ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሯል።

ፍልሚያው 51 ሰኮንድ ወሰደ። ሳይቦርግ እንደ ልማዷ እየገፋች መጣች። ኑኔስ ወደ ኋላ አላለችም፤ ቆማ ተለዋወጠቻት። ሳይቦርግ ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ አሁንም እየተመታች ተጋፈጠች፤ በመጨረሻ አንድ ቀኝ እጅ በግንባሯ ደፋት። ሁለት ቀበቶ በአንድ ጊዜ በመያዝ ከኮነር ማክግሪገርና ከዳንኤል ኮርሚዬ ቀጥላ ሦስተኛዋ፣ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በጁን 2020 ፌሊሺያ ስፔንሰርን ስታሸንፍ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ሁለቱንም በመከላከል ወንድም ሴትም የቀደማት አልነበረም። ያ ድል የመጣው በኮቪድ ምክንያት ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ነው። ትልቁን ታሪኳን ስትሠራ የሚያጨበጭብ እንኳ አልነበረም።

በመሀሉ ሆልምን በጁላይ 2019 ዘረረቻት፤ ያውም ሆልም ሮውዚን በጣለችበት በዚያው የጭንቅላት ካልቾ። ነገሩ ሲቆጠር የሚያስደነግጥ ነው። እስከ 2023 ድረስ ከእሷ ሌላ የዩኤፍሲን የባንታምዌይት ወይም የፌዘርዌይት የሴቶች ቀበቶ የያዙት ሮውዚ፣ ሆልም፣ ቴት፣ ጀርሜን ደ ራንደሚ፣ ሳይቦርግና ጁሊያና ፔኛ ናቸው። ኑኔስ ሁሉንም አሸንፋለች። አንድም የቀረ የለም። እንዲያም ሆኖ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ተፋላሚ ጥቀስ የተባለ ሰው ዛሬም የሚጠራው ሮውዚን ነው። ከካናቫሮ የ2006ቱ ባሎን ዶር ወዲህ ተከላካይ እንዳልተሸለመ የሚያውቅ የኳስ ወዳጅ፣ ሥራና ስም ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ማስረጃ አያስፈልገውም። አሜሪካ ለገበያዋ የምትፈልገው እንግሊዝኛውን የሚያቀላጥፍ፣ የሚሳደብ፣ ፊልም የሚሠራ ሰው ነው። ኑኔስ የተኮላተፈ እንግሊዝኛ ነበራት፤ ከፍልሚያ በፊትም ብዙ ጠብ አትፈልግም።

በዲሴምበር 2021 ግን እሷም የሆልም ዓይነት ሌሊት ደረሰባት። ፍልሚያው ለኦገስት ተይዞ ኑኔስ ኮቪድ ተገኝቶባት የተዛወረ ነው። ጁሊያና ፔኛ ታሸንፋለች ያለ ሰው ከቁጥር አይገባም። በሁለተኛው ዙር ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲቀጣቀጡ ኑኔስ ቀድማ ደከመች፤ ያ የ2014 በሽታ ተመልሶ የመጣ መሰለ። ፔኛ መሬት አውርዳ አነቀቻት፤ ኑኔስ ቶሎ መታ መታ አድርጋ እጅ ሰጠች። በዚህ ቶሎነቷ ብዙ ተባለ። ፔኛም ወራቱን ሙሉ አላረፈችም፤ ልቧ ተሰበረ፣ ልትቀጥል አትፈልግም እያለች አወራች።

ኑኔስ የመለሰችው በሥራ ነው። የለመደችውን ጂም ለቃ የራሷን ከፈተች፤ በ34 ዓመቷ ዕቅዷን እንደ አዲስ ሠራች። ጁላይ 30 ቀን 2022 ዳላስ ላይ ስትቀርብ ቀኝ እጇን ከኋላ አድርጋ ለዓመታት የቆመችበትን አቋም ገልብጣ እንደ ግራኝ ቆመች። ፔኛ ግራ ተጋባች። በሁለተኛው ዙር ብቻ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ኑኔስ በዝረራ መጨረስ ስትችል አልቸኮለችም፤ አምስቱንም ዙር እያወረደች፣ በክርን እየቀደደች አስቆጠረቻት። ዳኞቹ 50 ለ45፣ 50 ለ44፣ 50 ለ43 ሰጡ። ሰባት ነጥብ ልዩነት በዚህ ስፖርት ሰባት ለአንድ ማለት ነው፤ ብራዚላውያን ያቺን ቁጥር ባይወዷትም። ፔኛ እስከ መጨረሻው ደወል እየደማች አለመውደቋ ግን የሚያስከብራት ነው።

ጁን 10 ቀን 2023 ቫንኩቨር ላይ አይሪን አልዳናን በሰፊ ነጥብ ካሸነፈች በኋላ ሁለቱን ቀበቶና ጓንቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ጨርሻለሁ አለች። 23 ድል፣ 5 ሽንፈት። ከዚህ ውስጥ 11ዱ የዩኤፍሲ የዋንጫ ፍልሚያ ድሎች ናቸው። በ2020 የወለዷት ልጃቸው በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላትም።

በ2025 በዩኤፍሲ የክብር መዝገብ ስሟ ገባ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በጁዶ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት ኬይላ ሐሪሰን፣ በአንድ ወቅት ከኑኔስ ጋር አንድ ጂም ትሠለጥን የነበረችው፣ ቀበቶውን ከፔኛ ስትወስድ ኑኔስ አጥሩ ውስጥ ገብታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ለጃንዋሪ 24 ቀን 2026 ላስ ቬጋስ ላይ ቀጠሮ ተያዘ። ቀኑ ሲቃረብ ሐሪሰን አንገቷን ታማ ለቀዶ ጥገና ገባች፤ ፍልሚያውም ተሰረዘ።