ያውቁ ኖሯል? ደረሰኝዎ ምን ይላል?

ሻጩ «ፕሮፎርማ» ብሎ ማኅተም የመታበት ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው፤ ገንዘብ ለመክፈልዎ ማስረጃ አይሆንም። «አባሪ» የሚባለው በእጅ የሚሞላ ቅጽም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ጊዜ ፊስካል ደረሰኝ (ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው) ካልተያያዘበት ዋጋ እንደሌለው ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል፤ ያቺን መስመር ሳያነቡ አይፈርሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቫት ላይ ነው። ቫት ወይም ተጨማሪ እሴት ታክስ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን መጣኔው 15 በመቶ ነው። ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር ቢከፍሉ ቫቱ ስንት ነው? የ11,500ን 15 በመቶ አስልቶ 1,725 የሚል አለ፤ ስህተት ነው። ታክሱ የሚታሰበው ከመነሻ ዋጋው ላይ ስለሆነ 11,500ን ለ1.15 ያካፍሉ። 10,000 ብሩ የዕቃው ዋጋ፣ 1,500ው ቫት ነው። «ንዑስ ድምር» የሚለው የመጀመሪያውን፣ «ጠቅላላ ድምር» ሁለቱን አንድ ላይ ያሳያል።

ለድርጅት የሚገዙ ከሆነ የገዢ ስምና ቲን ቁጥር በትክክል መግባቱን ከሱቁ ሳይወጡ ያረጋግጡ። አንድ አሃዝ ብትሳሳት ወጪውን ለማስያዝ መቸገርዎ አይቀርም፤ ተመልሶ ማስተካከሉም ቀን ይበላል።

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር ያያይዙት።