ላፕቶፑ ሲንጣጣ ክፍያ ይያዛል

ደባርቅ ላይ በቤቱ ስቱዲዮ የከፈተ አቀናባሪ ለጥር ሠርግ የሚደርስ ዘፈን ሊያስረክብ ቀጠሮ ይዟል እንበል። የዘፋኙ ድምፅ ገብቷል። ከበሮውም፣ ማሲንቆውም፣ ክራሩም የሚወጡት ከላፕቶፕ ነው። ገንዘብ ያወጣው ነጋዴ ሥራውን ለመስማት ቁጭ እንዳለ መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዘፈኑ ግን ምጣድ ላይ እንዳለ የሽምብራ ቆሎ መንጣጣት ይጀምራል። ነጋዴው «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ ቀሪውን ክፍያ ይይዛል። አቀናባሪውም አዲስ ላፕቶፕ መግዣ ብድር ይጠይቃል። ሁለቱም የተሳሳተ ሒሳብ ይዘዋል።

በካሴት ዘመን ከዳባት ወይም ከደባርቅ የተነሣ ድምፃዊ ሥራውን ለሕዝብ ለማድረስ በአብዛኛው አዲስ አበባ መግባት፣ ባንድ መያዝና የሙዚቃ ቤቶችን ደጅ መጥናት ነበረበት። ይህን ወጪ የቀነሰው የኮምፒዩተር መሣሪያ ነው። የጀርመኑ ስታይንበርግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የተባለውን አሠራር ለገበያ አቀረበ። በ1999 ደግሞ በዚሁ አሠራር ኪቦርድና ሌሎች መሣሪያዎች ኮምፒዩተር ውስጥ ሆነው እንዲጫወቱ ተደረገ። ዛሬ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ሳውንድ ካርድ ያለው ሰው የባንዱን ሥራ ብቻውን ይሠራል። የመንጣጣቱ ጣጣም አብሮ መጣ።

ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እህሉ የሚፈስበት አፍ ጠባብ ከሆነና የሚጨምረው ሰው ከዘገየ ድንጋዩ ባዶውን ይዞራል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አንድ ሰከንድ ድምፅ ለማውጣት 44,100 ቁጥሮች ያስፈልጉታል። እነዚህን በጥቂት በጥቂቱ እያሰላ በፈር በሚባለው ማጠራቀሚያ በኩል ለሳውንድ ካርዱ ያቀብላል። በፈሩ 128 ቢሆን ሒሳቡን ለመጨረስ ያለው ጊዜ የሰከንድ 3 ሺሕኛ ያህል ብቻ ነው፤ 512 ቢሆን 12 ሺሕኛ ገደማ ያገኛል፤ 1,024 ሲሆን 23 ሺሕኛ ይደርሳል። ቀጠሮው ካለፈ ካርዱ ባዶ ይቀራል፤ ጆሮም «ጠሽ» ይሰማል። የተሰበረም ሆነ ያረጀ ዕቃ የለም።

ታዲያ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር መምረጥ አይሻልም ወይ? አይሻልም። በፈሩ በሰፋ ቁጥር ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ተጫዋቹም ከምቱ ይወጣል። ስለዚህ ሲጫወቱ 128 ወይም 256፣ ቅንብሩ አልቆ ድምፅ ሲመጣጠን 1,024 ማድረግ ነው። ወጪው ዜሮ ብር ነው። በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣውን የድምፅ ማስተላለፊያ ትቶ አዚዮ በሚባለው ቢጠቀም መዘግየቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የራሱ አዚዮ የሌለው ሳውንድ ካርድ ላለው በነፃ የሚገኝ አለ።

ገንዘብ አውጪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ፍተሻ አለ። ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ሲጫወት ቢንጣጣ ክፍያ ከመያዙ በፊት ወደ ፋይል ወጥቶ ይሰማ። ፋይሉ ሲወጣ ኮምፒዩተሩ አይቸኩልም፤ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ያሰላል። ከዚህም የተነሣ በፋይሉ ላይ መንጣጣቱ ከጠፋ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ለገበያ የሚቀርበውም ፋይሉ ነው። በፋይሉ ላይም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከተሰማ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ድምፁ ከልክ በላይ ጮኾ ቀይ መብራት ነክቷል፣ ወይ የዘፋኙ ድምፅ ሲቀረጽ ጀምሮ ተበላሽቷል። ያን ጊዜ ነጋዴው ይደገምልኝ ቢል መብቱ ነው።

ይህ ፍተሻ ከምን ወጪ እንደሚያድን ለማየት ወደ ምንዛሪው መለስ ማለት ይበቃል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆዩ 100 ብር አለፈ። ቀረጡና የአስመጪው ትርፍ ሳይቆጠር፣ 500 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ከ28,500 ብር ተነሥቶ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ለበፈር ቁጥር ይህን ያህል መክፈል ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ሶኬቱ ሲነቀል ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ የአንጎላቸውን ፍጥነት ራሳቸው ይቀንሳሉ። ሠላሳ መሣሪያ ያለ ችግር ያጫውት የነበረው በዚያች ደቂቃ አሥራ አምስቱ ይከብደዋል። የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ከፍተኛ አቅም መለወጥ ይረዳል፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ብልህ አቀናባሪ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ መብራት ሳለ ያለቀላቸውን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ወደ ድምፅ ለውጦ ያስቀምጣል። ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ የሚያጫውተው የተቀረጸ ድምፅ እንጂ በየሰከንዱ የሚሰላ ማሲንቆ አይደለም። በተረፈ ዋይፋዩን መዝጋት፣ ከጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ ማቆም ነው። ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ፕሮግራም ይዞት የሚመጣው ቫይረስም ሳይታይ ከዚያው አቅም ይካፈላል፤ ይህን የሚያምን ሰው ግን ጥቂት ነው።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ የላፕቶፕ ማራገቢያ ከቆላው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያስወጣው፤ የስሜን ብርድ ጉድለቱን ያካክሰዋል። የበጋ አቧራ የደፈነውን ማራገቢያ ግን ብርድ አያድነውም። የሞቀ አንጎል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መንጣጣቱም ይመለሳል። ጎንደር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞ ከመውረድ በፊት ማስጠረግ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው ብር የሚወጣበት ቦታ አለ። መጀመሪያ የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ በኤስኤስዲ ይለወጣል፤ ትልልቆቹ የመሣሪያ ስብስቦች ድምፃቸውን በቀጥታ ከዲስክ ስለሚያነቡ ዲስኩ ሲዘገይ ይንጣጣሉ። ቀጥሎ ራም ይጨመራል፤ ከዚያም የራሱ አዚዮ ያለው ሳውንድ ካርድ ይገዛል። ላፕቶፑ ራሱ ተራው የሚደርሰው ከእነዚህ በኋላ ነው።