የመጦሪያ ቤት በምን ይመዘናል?

አክስቴ የሚኖሩት ዱርቤቴ ነው። ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ዱርቤቴን ያውቃታል፤ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ከገጠር አምጥተው፣ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ትሪ አብልተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አይወርዱም።

ልጆቻቸውና እኔ ግን አጠገባቸው የለንም። ሦስታችን አዲስ አበባ ነን፤ አንዷ ልጃቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ግጭቱ ሲባባስ ደግሞ እንደ ድሮው ዓርብ ተነሥቶ ሰኞ መመለስ የማይታሰብ ሆነ። አንድ ምሽት ስለ እሳቸው ልንመክር በተሰበሰብንበት፣ ለዓመታት ማናችንም ደፍረን ያላነሣነው ጥያቄ ተነሣ። ‹‹አዲስ አበባ አምጥተን፣ እየከፈልን፣ ጥሩ መጦሪያ ቤት ብናስገባቸውስ?››

ሙያዬ ኦዲት ስለሆነ ቤቶቹን ዞሮ የመመዘኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከዚያ ዙረት የተማርኩትን ለአንባቢ ማካፈል ወደድኩ። ጥያቄው ዛሬ ባይሆን ነገ የብዙዎቻችን ጥያቄ መሆኑ አይቀርምና።

በአገራችን መጦሪያ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ነው። መቄዶንያ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ የሚረዳ በጎ አድራጎት ነው። ከፍሎ ማሳደር የሚችል ቤተሰብ የእነዚህን ወገኖች ቦታ ሊሻማ አይገባውም። ስለዚህ እኔ የተመለከትኩት በክፍያ የሚቀበሉትን ቤቶች ነው።

ሕጉን አላጣነውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም የመጦሪያ ቤቶች እንክብካቤ ዝቅተኛ መመዘኛ ማሟላት እንዳለበት ይደነግጋል። ነገር ግን በአንድ ቤት በር ላይ ለቆመ ሰው፣ ትናንት ሌሊት አልጋ ላይ የዋሉትን አዛውንት ማን እንዳገላበጣቸው ሕጉ አይነግረውም። ያንን ራሱ መጠየቅ አለበት።

ሦስቱ ሚዛኖች

የሕክምና ጥራትን ስለመመዘን ሲነሣ ስሙ የማይታለፍ አንድ ምሁር አለ፤ አቬዲስ ዶናቤዲያን ይባላል። ቤይሩት የተወለደ፣ አሜሪካ የኖረ አርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ጥራት በሦስት ወገን እንደሚታይ አስረዳ። አንደኛው ያለው ነገር ነው፤ ሕንፃው፣ አልጋው፣ የሰው ኃይሉ። ሁለተኛው የሚሠራው ነገር ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ያደርጋል? ሦስተኛው ውጤቱ ነው፤ ሰውዬው ምን ሆነ?

ጎብኚ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። እኔም መጀመሪያ የታየኝ የተወለወለ ሴራሚክ፣ በአበባ የተሞላ ግቢና አዲስ ቴሌቪዥን ነበር። አክስቴን የሚያገላብጣቸው ግን ሴራሚኩ አይደለም።

ስለዚህ ከሰው ቁጥር ጀመርኩ። ‹‹ስንት ተንከባካቢ አላችሁ?›› ስል ‹‹አሥራ አራት›› የሚል መልስ ባገኝ ብዙ ይመስለኝ ነበር። እስቲ እናስላው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ በሳምንት በመደበኛነት የሚሠራው ቢበዛ 48 ሰዓት ነው። አንድን ቦታ ቀንና ሌሊት ሰው እንዳይለየው ለማድረግ ሦስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ አሥራ አራት ተንከባካቢ ማለት በማንኛውም ሰዓት ሥራ ላይ የሚገኙት አራት ናቸው። ቤቱ ስድሳ አረጋውያን ካሉት ለአንዱ ተንከባካቢ አሥራ አምስት ሰው ይደርሰዋል። ብዙውን ሠራተኛ ቀን ላይ አድርገው ሌሊቱን ለሁለት ከተውት ደግሞ ሠላሳ፣ ሠላሳ።

ከስድሳዎቹ ሃያው አልጋ የያዙ ቢሆኑስ? እንዲህ ያለውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የቆየ የነርስ ሥራ ልማድ ነው። ሃያ ሰው በሁለት ሰዓት፣ በሰዓት አሥር ሰው ነው። ሁለቱ ተረኞች ተጋግዘው አንዱን በአምስት ደቂቃ ቢጨርሱ ከእያንዳንዱ ሰዓት ሃምሳው ደቂቃ አለቀ። ውኃ ለጠማው፣ ሽንት ለመጣበት፣ ለወደቀ ሰው የቀረው አሥር ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ‹‹ስንት ሠራተኛ አላችሁ?›› ሳይሆን ‹‹ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንት ሰው ነቅቶ ነበር?›› የሚለው ነው።

ወረቀቱና ሰውየው

ከቤቶቹ በአንዱ የማገላበጫ መዝገብ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ያለ ማንገራገር አመጡልኝ፤ ንጹሕ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ተፈርሞበታል። ሰዓቴን አየሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። መዝገቡ ግን የዚያኑ ቀን እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ተፈርሞ አልቋል። አመስግኜ ወጣሁ።

ሜሪላንድ ላለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት አልገረማትም። የምትሠራው እዚያው መጦሪያ ቤት ነው፤ ዓመታትን ያሳለፈችው የሰው እናት በማጠብ ነው። አሜሪካ ከ1987ቱ ሕግ ወዲህ አረጋውያንን ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርም ሆነ በመድኃኒት ማደንዘዝ ከልክላለች፤ ተቆጣጣሪዎች ቢዘገይ በየአሥራ አምስት ወሩ ሳይነግሩ ይመጣሉ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቤቶቹ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራተኛው ቁጥር የሚወሰደው ቤቶቹ ራሳቸው ከሞሉት ቅጽ ነበር። ኋላ ላይ ነው ከደመወዝ መዝገብ እንዲመጣ የተደረገው።

‹‹ኮከቡንም መዝገቡንም ተወው›› አለችኝ። ‹‹ራት ሰዓት ላይ ሳትነግራቸው ሂድ። ራሱን ችሎ መጉረስ የማይችለውን ሰው ፈልገህ አጠገቡ ተቀመጥ። ምግቡ ፊቱ ቀርቦ ከቀዘቀዘ ሌላ ነገር አትጠይቅ።››

ውጤቱን በተመለከተ የነገረችኝን እንዲህ ጻፍኩት። ቆዳ፦ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት በሚጫነው ቦታ፣ በተረከዝ፣ በዳሌና ከወገብ በታች ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ስለማይጎላ ጠቆር፣ ሞቅ ወይም ጠንከር ያለውን ቦታ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ክብደት፦ በአንድ ወር ከመቶ አምስት፣ በስድስት ወር ከመቶ አሥር ከቀነሰ ማስጠንቀቂያ ነው። ሃምሳ ኪሎ ለሚመዝኑ እናት በወር ሁለት ተኩል ኪሎ መሆኑ ነው። መውደቅ፦ ‹‹እኛ ጋ ማንም ወድቆ አያውቅም›› የሚል ቤት መዝግቦ አያውቅም። መድኃኒት፦ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፉ ሰዎች ከበዙ ምን እንደሚወስዱና ማን እንዳዘዘው ይጠየቅ።

እኔም አንድ ጨመርኩ፤ ክብር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣቸው የአረጋውያን መርሆዎች አምስት ርዕሶች አንዱ ነው። ሰውየው በስሙ ይጠራል ወይስ ‹‹ሰባት ቁጥር›› ይባላል? ልብሱ ሲቀየር መጋረጃ ይዘጋል? ጾም የሚጾም፣ መቁረብ የሚፈልግ፣ ሶላት የሚሰግድ እንደ ልማዱ ይኖራል?

ያልጠየቅነው ቤት

ካየኋቸው ቤቶች መካከል አንዱ በዚህ ሁሉ ሚዛን ደህና ወጣ። ግቢው ጠባብ፣ ቴሌቪዥኑም አሮጌ ነው። ነገር ግን በራት ሰዓት ሳልነግራቸው ስደርስ አንዲት ሠራተኛ አንድ አዛውንት እስኪውጡ በትዕግሥት እየጠበቀች ስታጎርሳቸው አገኘኋት። ሪፖርቴን አዘጋጅቼ ለቤተሰቡ በስልክ አነበብኩ። ስጨርስ ጸጥ አሉ። ከዚያ ሜሪላንድ ያለችው ‹‹እነዚህን ጥያቄዎች የእማዬን ቤት ጠይቀነው እናውቃለን?›› አለች።

አልጠየቅንም። አክስቴን የምትጠብቃቸው አንዲት ወጣት የዘመድ ልጅ ናት። በእኔው ስሌት ሦስት ሰው ተኩል የሚፈልገውን ሥራ ብቻዋን ነው የተሸከመችው። ሌሊት የምትነሣው እሷ፣ ቀን ወጥ የምትሠራው፣ ወፍጮ ቤት የምትሄደው እሷ። እኛ በየወሩ ብር እንልካለን፤ መላካችንንም እንደ እንክብካቤ እንቆጥረዋለን። ስልክ ሲገኝ ተረከዛቸውን እንድትዳስስ ነገርናት። ግራው ጠቆርና ሞቅ ያለ ነበር።

መጦሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ስማቸውን ከዝርዝሬ እሰርዘው ነበር።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሴት ተቀጠረች፤ ሌሊቱን ይከፋፈላሉ። ስፖንጅ ፍራሹ ተለወጠ፤ ተረከዛቸው አልጋውን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ ገባ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እየመጣች ታያቸዋለች፤ ቆመው መመዘን ስለማይችሉ ክንዳቸው በሜትር ይለካል። ደብተርም አለ፤ ያልተሠራው ‹‹አልተሠራም›› ተብሎ ይጻፍ ብለናል።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ በፊት ልንጠይቃቸው የሚገባቸውን አክስቴን ጠየቅናቸው። ‹‹ልጄ፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት ‘እንዴት አደሩ’ ብሎ በሬን የሚከፍት ጎረቤት አለኝ። እዚያ ማን ይከፍትልኛል?›› አሉኝ። ለጊዜው ዱርቤቴ ይቆያሉ።

ውሳኔያችን ለሁሉም ይሠራል አልልም። ሁለቱ ሴቶች የማይችሉት ቀን ከመጣ ያቺን ጠባብ ግቢ እናንኳኳለን፤ በዚያም ቀን ኃፍረት ሊሰማን አይገባም። ሰውን በመጦሪያ ቤት ማኖርም ሆነ በቤቱ ማኖር በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። የትም ይሁኑ የት፣ ሌሊት ማን ነቅቶላቸዋል፣ ተረከዛቸውን ማን ዳሰሰው፣ ሳይነገርስ ማን ሄዶ አያቸው? ሚዛኑ ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ተመዝኖም አይተውም።

የግራ ተረከዛቸው ድኗል። እሑድ ማታ ስልክ ከሠራ ደግሜ እጠይቃለሁ። እርስዎም የወላጅዎን ቤት ይጠይቁ። ቸር እንሰንብት።