ቢቂላ የማን ስም ነው?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አንድ ኢትዮጵያዊ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በውጭ ጋዜጦችና የስፖርት መጻሕፍት «ቢቂላ» እየተባለ ይጠራል። የሮጠው ግን አበበ ነው፤ ቢቂላ አባቱ ናቸው። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ሰነዶችም ላይ የሚቀድመው ይኸው የቤተሰብ ስም ነው። የቀኑ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ ስም ያስፈልገናል ወይ?

ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ። ገበሬውም ሚኒስትሩም ሕጉን የሚተረጉመው ዳኛም በአባታቸው ስም መጠራታቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡ ሕግ ስለናቀ አይመስለኝም። የቤተሰብ ስም ይሠራዋል የሚባለውን ሥራ ሌላ ነገር ሲሠራው ስለኖረ ነው። ዘመድ የሚቆጠረው በቃል ነው፤ ሊጋቡ የሚያስቡ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠርላቸው አገር ውስጥ መዝገብ የሚጨምረው ብዙ አልነበረም።

የቤተሰብ ስም በሌለበት ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በግል ስም ላይ ነው። ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት ካሳሁን ወይም ምትኩ ትላለች፤ መከራ የተፈራረቀበት ቤት ስንታየሁ ይላል፤ ኀዘኑን የሚያስረሳ ሲመጣ ማስረሻ ይባላል። ይህ ሁሉ በካህኑ ከሚወጣው የክርስትና ስም ሌላ ነው። መኳንንቱ የፈረስ ስም ነበራቸው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ንጉሥ ሲነግሥ የዙፋን ስም ይይዛል፤ ካሣ ቴዎድሮስ፣ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት በዚህ ልማድ ነው። የጃማይካ ሰዎች እምነታቸውን የሰየሙት በማዕረግና በግል ስም፣ በራስ ተፈሪ ነው። የአውሮፓን ልማድ ተከትለው በአባታቸው በመኮንን ስም ሰይመውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ «መኮንናውያን» ባልናቸው ነበር።

የቤተሰብ ስም በየአገሩ ከጥንት የነበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በብዙ ቦታ ግን የመንግሥት መዝገብ የወለደው ነው። ጃፓን ሕዝቡን ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ታይላንድ በ1913 ሕግ አወጣች፤ ንጉሡ ቫጂራቩድ ራሳቸው በሺህ የሚቆጠሩ ስሞችን እየፈጠሩ አደሉ። ቱርክ በ1934 ተከተለች፤ ሙስጠፋ ከማልን «አታቱርክ» ያላቸው የአገሪቱ ምክር ቤት ነው። ግብር ለመሰብሰብና ወታደር ለመመልመል የማይለወጥ ስም ይመቻል። አይስላንድ ግን በተቃራኒው በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከለከለች። እዚያ የስልክ ማውጫው እንኳ ሲደረደር የኖረው በግል ስም ነው፤ አገሪቱም በዚህ የተነሳ ከሥልጣኔ ወደ ኋላ ቀረች ያለ የለም።

የጃፓን ነገር ለእኛ ሴቶች ትንሽ ያስደንቃል። የአገሪቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 750 ባልና ሚስት አንድ ስም እንዲይዙ ያስገድዳል፤ በተግባር ስሟን የምትጥለው 95 ከመቶ ገደማ ሴቷ ናት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2021ም ሕጉ ጸና። ጥሩነሽ ዲባባ ግን ስለሺ ስህንን አግብታም ጥሩነሽ ዲባባ ናት፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። እርግጥ የእኛም ስም የሚቆጠረው በአባት ብቻ ነው፤ እናት ከልጇ ስም ውስጥ የለችም። ይህ በደንብ ያልተነጋገርንበት ጉድለት ነው።

ነገሩ የሚከርረው ባሕር ማዶ፣ ሁለት ሳጥን ያለው ፎርም ፊት ነው። ለምሳሌ ታደሰ በላይና ባለቤቱ አልማዝ ደምሴ ሴት ልጅ ወለዱ እንበል፤ ስሟ ሶስና ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ «የመጨረሻ ስም?» ትላለች። አባት እንደ አገሩ «ታደሰ» ካለ በአንድ ቤት በላይ፣ ደምሴና ታደሰ የሚባሉ ሦስት የቤተሰብ ስሞች ይኖራሉ፤ እናት ልጇን ይዛ ድንበር ስትሻገር «በእርግጥ ልጅሽ ናት?» መባል ይመጣል። «በላይ» ካለ ደግሞ የፎርሙ ነገር ይቃናል፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ግን «ሶስና በላይ» የሚለውን ሲያነብ የታደሰ እኅት እንጂ ልጁ አትመስለውም። ታናሽ ወንድሟ ሲወለድ ሌላ ሠራተኛ ሌላ ነገር ጽፋ የአንድ እናትና አባት ልጆች በስም ይለያያሉ። እንደ ገብረ ሥላሴ ያለውን ጥምር ስም ለያይተው የጻፉትማ ገብረ መካከለኛ ስም፣ ሥላሴ የቤተሰብ ስም ሆኖ ያገኙታል።

በእስራኤል ምርጫው ለብዙዎች ጭራሽ አልተሰጠም። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን የገቡት ቤተ እስራኤላውያን፣ በተለይ ልጆቹ፣ ከባለሥልጣናትና ከመምህራን የዕብራይስጥ ስም ተቀበሉ። ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ።

የእናት ስም ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በአባት ስም መጠራታችን ለፎርም ሲባል መጠገን ያለበት ጉድለት ነው ብዬ አላምንም፤ ፎርሙ ነው የጠበበው። ፎርም ደግሞ ከተፈለገ ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር በዓለም ሁሉ «ዶክተር ቴድሮስ» እየተባሉ ነው የሚጠሩት፤ የኢትዮጵያን ጥናት የሚያውቁ አዘጋጆችም የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ባ» ላይ እንጂ «ዘ» ላይ አይፈልጓቸውም።

ፎርሙ እስኪሰፋ ድረስ በእጃችን ያለ መፍትሔ አለ። ከቶሮንቶ የወጣው ድምፃዊ ሙሉ ስሙ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። መካከለኛ ስም በሚሉት ቦታ የአባት፣ በመጨረሻው ቦታ የአያት ስም ሲገባ እዚያም እዚህም ያለ ስህተት ይነበባል። ሶስና ታደሰ በላይ ለባዕዱ የበላይ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ለዘመዷ የታደሰ ልጅ ናት።

ስለዚህ በውጭ አገር ልጅ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ምጥ ሳይመጣ ተነጋገሩ። ለመጀመሪያው ልጅ የጻፋችሁትን ለሁሉም ጻፉ፤ እዚያው የሚኖር ወንድም ካላችሁም የአጎት ልጆች በአንድ አያት ስም እንዲጠሩ ከእሱ ጋር ተስማሙ። ጥምር ስም ካለ አንድ ላይ አጣብቃችሁ ጻፉት፤ የፊደል አጻጻፉንም ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩ። በኋላ ይታረማል ብላችሁ ግን አትተዉት፤ ለማሳረም ፍርድ ቤት መሄድ የሚያስፈልግበት አገር ብዙ ነው።